የጉሉማ ግራ እጅ

ጉሉማ በቀበሌው አዳራሽ መድረክ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ማይክሮፎኑ ከእግሩ ሥር ወድቋል። አዲሱ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ጉሉማ ለዓመታት እየጠገነ ያቆየው አሮጌው ደግሞ ጥግ ተጥሏል። ኅዳር 1971 ዓ.ም. ነው፤ ረፋድ አራት ሰዓት።

መርማሪው መቶ አለቃ ኢዶሳ ከነቀምቴ ፖሊስ ጣቢያ በእግሩ ደረሰ። ገና ሳያጎነብስ የቀበሌው ሊቀመንበር ወልደሩፋኤል ቀደመው።

«ድካምህን ላቅልልህ ጓድ። ገዳዩ ተይዟል። የማይክሮፎኑን ሽቦ የሸጠው ዘነበ ነው። የበሰበሰ ሽቦ ሸጦ የነገውን ሰልፍ ሊያከሽፍ! ስምንት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

ኢዶሳ ያ መኪና የወሰደው ሰው ሲመለስ አይቶ አያውቅም።

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ገበያ። ለሰልፉ ስቀሰቅስ።»

ኢዶሳ ኤሌክትሪኩን አስጠፍቶ ተንበረከከ። የሟቹ ቀኝ መዳፍ ተቃጥሏል። የግራ እጁም ተቃጥሏል፤ እሱ ግን መዳፉ ሳይሆን የጣቶቹ አንጓ ነው። ቀና ሲል ከመድረኩ በላይ ጣሪያውን የተሸከመ የብረት አግዳሚ ዝቅ ብሎ ያልፋል። በአቧራው ላይ ጡጫ የሚያህል ቦታ ተጠርጓል። ከዚያ ከሣጥኑ ጀርባ ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ በጣቱ ተከተለ። መሐሉ ላይ ተቆርጧል። የጉሉማ ፒንሳ ከቦርሳው አልወጣም፤ ሽቦው ደግሞ በሰንጢ የተፈገፈገ ይመስል ጫፉ ተበጣጥሷል።

የቀበሌዋ ጸሐፊ ካሰች ከአዳራሹ ጎን ባለች ቢሮዋ ውስጥ መሀረቧን ትጠመዝዛለች።

«አዲሱ ሣጥን ከተተከለ ጀምሮ እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ነበር» አለች። «ጉሉማ ሁለት ቀን ሙሉ ፈለገው። ማይክሮፎኑን ቀየረ፣ ጩኸቱ አለ። የዘነበን ሽቦ አውጥቶ የድሮውን አስገባ፣ ያው ነው። አሮጌውን ሣጥን ሲመልስ ጸጥ!»

«ስለዚህ ሽቦው ደኅና ነው። ጥፋቱ ከአዲሱ ሣጥን ነው።»

«እሱም ይህንኑ ብሎ ለጓድ ሊቀመንበር ነገራቸው። ‹ከአዲስ አበባ የተላከን ዕቃ ነው የምታማው?› አሉት።»

«ዛሬስ?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጩኸቱ ድንገት ጠፋ። ‹እሰይ፣ ተገላገልን› አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ብገባ...»

«ከእሱ ጋር ማን ነበር?»

ካሰች በሩን አየች። «አላየሁም» አለች።

ዘነበ ከጉራጌ አገር መጥቶ የሬዲዮ ዕቃ መሸጥ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በቀበሌው እስር ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ ኢዶሳን ሲያይ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«መቶ አለቃ፣ ሽቦ የሸጠ ከታሰረ ገመድ የሸጠማ ምን ሊሆን ነው?»

«ጉሉማን ታውቀዋለህ?»

«ወዳጄ ነው። እንደሱ ጠንቃቃ አላየሁም። ኤሌክትሪክ ያለበትን ሲነካ ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ‹ትልቅ ሰው በሁለት እጅ ይጨበጣል፤ ኤሌክትሪክ ግን በአንድ› ይለኝ ነበር። በሁለቱ ከያዝከው በደረትህ በኩል ነው አሉ የሚያልፈው።»

ኢዶሳ ብድግ አለ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሦስት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ፤ ወልደሩፋኤልን፣ ካሰችንና የሟቹን ሚስት ድርቤን።

«አዴ ድርቤ፣ ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፤ ፈጣሪ ያጽናሽ» አላት።

«አሜን» አለች። «ማን እንደገደለው ብቻ ንገረኝ።»

«ጉሉማ ጥፋት ሲፈልግ አንድ ነገር ብቻ ይቀይርና ያዳምጥ ነበር። እኔም እንደሱ ላድርግ። ሽቦው ሲቀየር ጩኸቱ አልተቀየረም፤ ዘነበ ነፃ ነው። ጩኸቱ ከአዲሱ ሣጥን ወደ ብረት ገላው የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ ነበር። የመሬት ሽቦው እየተቀበለ ወደ አፈር ይሰደው ነበር። ሽቦው ሲቆረጥ ጩኸቱ ጠፋ፤ ኤሌክትሪኩ ግን ወደ ማይክሮፎኑ ዞረ።»

«ራሱ ቆርጦት ይሆናል» አለ ወልደሩፋኤል።

«ፒንሳ ያለው ባለሙያ በሰንጢ አይፈገፍግም። ይህም ይቅር። ግራ እጁን ከኪሱ ማን አስወጣው? ለብቻው ያለ ሰው ማይክሮፎን ሲሞክር ‹አንድ፣ ሁለት› ይላል። ካሰች ብትኖር ይቀልድላት ነበር። የጉሉማ አንጓ የተቃጠለው ግን እጁን ጨብጦ፣ ከፍ አድርጎ፣ ይህን አግዳሚ ስለነካ ነው። ሰው ግራ እጁን እንዲህ አንሥቶ መፈክር የሚያሰማው ማን ፊት ነው?»

ካሰች አንገቷን ደፋች።

«ገደልኩት ልትል ነው?» ወልደሩፋኤል ጮኸ። «የሚጮኸውን ሽቦ ቆረጥኩ! ነገ በእንግዶች ፊት ያዋርደኝ? ‹አሁን በወጉ ሞክረው› አልኩት። እንደሚሞት በምን ላውቅ?»

«ሲወድቅ ጥለኸው ሄድክ። ከዚያ ንጹሕ ሰው አሰርክ።»

ሊቀመንበሩ ረጋ አለ። «ይህን ጽፈህ ለማን ልትሰጥ ነው?»

ኢዶሳ መልሱን ያውቀዋል። መዝገቡን የሚቀበሉት የወልደሩፋኤል ጓዶች ናቸው። በመስኮቱ በኩል መኪናው ሲቆም ታየ።

«ዘነበን ፍታው» አለ ኢዶሳ በመጨረሻ። «መዝገቡ አደጋ ይላል።»

«አደጋ ከተባለ ማን አደረሰው ይባላል። ‹በሟቹ ቸልተኝነት› ይበል። ሚስቱም ትፈርም።»

ኢዶሳ ጻፈ። ወረቀቱን ሲያቀብላት ዓይኗን ማየት አልቻለም።

ድርቤ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አሥራ አንድ ዓመት ቤቴ ውስጥ ሶኬት እንኳ አላስነካኝም» አለች። «ካልፈረምኩ ዘነበ ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

ፈረመች።

ዘነበን ሲያስወጡት ዘበኛው ‹ጉሉማ በራሱ ቸልተኝነት ሞተ› ተብሎ መፈታቱን ነግሮት ነበር። ፀሐዩ ዓይኑን እያጨናበሰው ወደ ድርቤ መጣና ሁለት እጇን ያዘ። ወልደሩፋኤል ከጀርባው ቆሟል።

«አዴ ድርቤ፣ ጉሉማ? እሱ ምን ነካው? እንዴት እንዲህ ተዘናጋ?»

ድርቤ ሊቀመንበሩን አየችው፤ ከዚያ ሞተሩን ያላጠፋውን መኪና አየች።

«ሰው አይደል» አለች፤ «ተዘናጋ።»