የጋሽ ሚዛን ሬዲዮ

ጋሽ ሚዛን መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ሞተው የተገኙት። ባለሱቅ ሳሉ ሚዛናቸው አጋድሎ ስለማያውቅ ነው ይህ ስም የወጣላቸው። የገደላቸው የልብ ሕመማቸው ነው፤ ይኸው ብቻ ቢሆን መቼም አልቅሶ መቅበር ነበር። ጉዱ የመጣው ከአስከሬን ምርመራው ጋር ነው። በደማቸው ውስጥ የልብ መድኃኒቱ ሽታው እንኳ አልተገኘም። የአረጋውያን መኖሪያው ነርስ ግን ጠዋትና ማታ በእጇ እሰጣቸው ነበር ትላለች።

«ሸጣዋለች!» አለች የሟቹ ልጅ። «የአባቴን መድኃኒት ቸብችባዋለች! ነፍሰ በላ!»

«ኧረ በፈጠረሽ! በእጄ ነው የሰጠኋቸው!»

ማን ይስማት! ነርሷ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው፤ እሷ ከታሰረች ማን አላቸው?

ከፖሊስ የመጣችው መርማሪ አጭር ሴት ናት፤ አነጋገሯ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን አንጀት ድረስ የሚዘልቅ። ሁሉም የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ትፈትሻለች ሲሉ፣ እሷ ቀጥ ብላ ሟቹ ክፍል ገባች። የክፍል ተጋሪያቸው፣ ጡረተኛው አናጢ፣ አልጋው ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በሬዲዮው ነዋ! ገና ሳይነጋ ዜና ብሎ ይለቅብኛል። ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ግን አንድ ቀን አልከፈተውም። ባትሪ ልግዛልህ ብለው ‹እንዳትነካው!› ብሎ ጮኸብኝ። እንዲህ የሚቆጣ ሰው አልነበረም እኮ።»

መርማሪዋ መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቅ አሮጌ ሬዲዮ ብድግ አድርጋ ነቅነቅ አደረገችና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ሁሉንም ወደ ክፍሉ ጠራች።

«ሲስተር፣ መድኃኒቱን ሲውጡ አይተሻል?»

«ቆሜ ካየኋቸው ‹ሕፃን አደረግሽኝ› ብለው ይከፋቸዋል። ስለዚህ… ፊቴን አዞርላቸው ነበር።» ገመዱን በገዛ እጇ አንገቷ ላይ ያጠለቀች መሰላት።

«ሰማችሁ አይደል!» አለች ልጅቱ።

«ቆይ እህቴ። የሆስፒታሉን ሒሳብ ለአባትሽ አሳይተሻቸው ነበር?»

ልጅቱ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። «አሳይቻቸዋለሁ። እዚህ ላይ ያለውን ዋጋ ሳይ ራሴን ልስት ነበር። ‹ቤቴን መሸጤ ነው› አልኳቸው። ጨንቆኝ ነው!»

«ምን አሉሽ?»

«‹አይዞሽ፣ አስመልስልሻለሁ› አሉኝ። ከየት አምጥተው ብዬ ተውኩት።»

«አባትሽ ባለሱቅ ሳሉ፣ ገዢ ዕቃ ቢመልስ ይቀበሉ ነበር?»

«ካልተነካ ይቀበሉ ነበር። ገንዘቡንም ይመልሱ ነበር።»

መርማሪዋ የሬዲዮውን የጀርባ ክዳን ከፈተች። ባትሪ የለም። በባትሪው ቦታ ትንንሽ የጋዜጣ ጥቅሎች ታጭቀዋል። አንዱን ፈታ አሳየቻቸው፤ ክኒን ነው። ሁሉም በባለሱቅ እጅ ጥንቅቅ ተደርገው ተጠቅልለዋል።

«ስነቀንቀው የተንኮሻኮሸው ይኸው ነው» አለች። «የሸጠ የለም። ሲስተር ፊቷን ስታዞር እሳቸው ክኒኑን አፋቸው ሳያስገቡ ይደብቁት ነበር። ያልተነካ ዕቃ ነውና ሆስፒታሉ ተቀብሎ ገንዘብሽን የሚመልስ መስሏቸው ነው።»

ከዚያ የልጅቱን ወረቀት ተቀብላ ወደ ታች በጣቷ ወረደች።

«አንቺ ያየሽው ጠቅላላውን ዋጋ ነው። ከሥሩ የጤና መድኅኑ የከፈለው አለ። እዚህ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከታካሚው የሚጠበቀው…»

«ስንት ነው?» አለች ልጅቱ።

«ምንም።»

አናጢው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ነርሷ ነፃ ወጥታለች፤ ግን ደስታው ከየት ይምጣ? ልጅቱ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ጭኗ ላይ ትደረድራለች።

«አስመልስልሻለሁ ያሉኝ ይሄን ነው?» አለች። «በዚህ ነው የሞቱት? ንገሩኝ እንጂ!»

መርማሪዋ አቀረቀረች። ነርሷ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ልጅቱ ስታለቅስ ዛሬ ፊቷን አላዞረችም።