አልነቀል ያለው ዲስክ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት ምላሴ እንደ ጎማ ይተንፍስ! እንዲያውም ቀንሼላችሁ ነው፤ ሙሉውን ብነግራችሁማ አታምኑኝም።

በያጁ መዶሻውን ከራሱ በላይ አንስቶ የመኪናው ፍሬን ዲስክ ላይ ሲያሳርፈው የጎረቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ ተንጫጫ፤ አንዲት ዶሮም ከድንጋጤዋ የተነሣ ያለ ቀኗ እንቁላል ጣለች። ዲስኩ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ ብረት አይደለም፣ በቅሎ ነው!» አለ በያጁ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። የብየዳ ቤቱ ከመንገድ ማዶ ነው። ሰፈሩ «አይበገሬ» ይለዋል፤ ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው።

«አይዞርም እኮ!» አለ የልጅቷ አባት ተንበርክኮ ዲስኩን በሁለት እጁ እየታገለ።

«ዝገት ነው አልኩህ። ዘይት ጨምርበት። እኔ የባቡር ጎማ በጥርሴ ፈትቻለሁ።»

«በጥርስህ? ታዲያ ጥርሶችህ የታሉ?»

«እዚያው ቀሩ።»

ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቁመቷ አባቷን ሊደርስ ምንም ባይቀረው እሱ ግን ዛሬም «ሚጢጢ» ይላታል። ሌላ ቀን ቢሆን በአይበገሬ ጥርስ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

መኪናው ግቢው መሐል በክሪክ ተነሥቷል። የኋላ ግራ ጎማው ወልቋል። ውስጡ በሻንጣ፣ በፍራሽና በብርድ ልብስ ተጠቅጥቋል። አባቷ ሊሄድ ነው። ከእናቷ ጋር ተለያይተዋል፤ ከእንግዲህ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ስለሚፋጭ፣ ሸራውንም ዲስኩንም ቀይሮ ከሰዓት በኋላ መውጣት ፈልጓል።

ዲስኩ ለምን እንደማይነቀል ግን ከግቢው ሰው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

አባቷ ሥራውን ሲጀምር የእጅ ፍሬኑን በገዛ እጁ አውርዶት ነበር። ከዚያ «ሚጢጢ፣ ከውስጥ ጨርቅ አቀብዪኝ» ብሎ ላካት። ጨርቁን ስትፈልግ እጇ ብርድ ልብሱ ሥር ገባና የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበው። ብርድ ልብሱንም መልሶ አለበሰው። አስባበት አልነበረም። እጇ ነው የቀደማት።

አምና የቀኙን ሲቀይር አጠገቡ ነበረች። «አየሽ፣ የዚህ መኪና የኋላ ዲስክ ሆዱ ክፍት ነው» ብሏት ነበር። «እዚያ ውስጥ የእጅ ፍሬኑ ሸራ አለ። ከተሳበ ከውስጥ ጨምድዶ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ዝሆን ብታስሪበትም አይወጣልሽም።»

ዘይት ተጨመረ። የፈላ ውሃ ተደፋበት። አይበገሬ እሳት ለኩሶ አጋለው፤ ከዚያም ሰደበው። ዲስኩ ወይ ፍንክች! ልጅቷ በልቧ ታሰላለች። ከጨለመ ዛሬ አይሄድም። ዛሬ ካልሄደ እዚሁ ያድራል። እዚሁ ካደረ ደግሞ፣ ማን ያውቃል...

እናቷ ውሃ ይዛ ወጣች። አንዱን ብርጭቆ ለአይበገሬ በእጁ ሰጠችው። የአባቷን መሬት ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄ ኳኳታ መቼ ነው የሚያበቃው?»

«ሊያልቅ ነው» አለ አባቷ ቀና ሳይል።

«ስትወጣ በሩን ዝጋው። ራሴን አሞኛል፣ እተኛለሁ።»

ገባች። ልጅቷ የእናቷን ጀርባ አየች፤ ከዚያ የአባቷን ጀርባ አየች። ሁለቱም ያው ነበሩ።

አባቷ መዶሻውን ወረወረው። «በቃኝ! ጎማውን አምጣው፣ እንመልሰው። በፊት ጎማዎቹ ፍሬን ብቻ እሄዳለሁ።»

«አብደሃል? ይህን ሁሉ ዕቃ ጭነህ? ያንን ቁልቁለት?»

«በማርሽ ይዤ እወርዳለሁ።»

«ነገ ብትሄድ ምን አለበት? አንድ ሌሊት እኮ ነው ወንድሜ።»

«እዚህ ቤት ከማድር ገደል ብገባ ይሻለኛል!»

ልጅቷ መኖሯን የረሳት ይመስላል። አይበገሬ ግን አያትና ጎንበስ ብሎ የተወረወረውን መዶሻ አነሣ።

ተነሣች። የመኪናውን በር ከፈተች። ብርድ ልብሱን ገልጣ የእጅ ፍሬኑን አወረደችው።

«አባባ፣ አሁን ሞክረው።»

«ተይኝ እስቲ ልጄ።»

«አንዴ ብቻ።»

እሷን ለማስደሰት ያህል በመዳፉ ገፋ አደረገው። ዲስኩ እንደ በሰለ ፍሬ ጭኑ ላይ ወደቀ።

«አላልኩህም!» ጮኸ አይበገሬ። «እኔ አላልቼው እኮ ነው!»

አባቷ አልሳቀም። ጭኑ ላይ ያለውን ዲስክ አየ፣ ክፍቱን በር አየ፣ የተገለጠውን ብርድ ልብስ አየ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጨርቅ እንዳቀብልህ ከላክኸኝ ጀምሮ።»

ዲስኩን ከጭኑ አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። የሚለው ነገር ያለ መሰላት። «አዲሱን አቀብዪኝ» አለ በመጨረሻ።

አቀበለችው። ሸራው ገባ፣ ጎማው ተመለሰ። ቡሎኖቹን ለማጥበቅ አይበገሬ እጁን ሲዘረጋ መፍቻውን ቀድማው አነሣች። አንድ በአንድ፣ ባላት ኃይል ሁሉ አጠበቀቻቸው። ከዚያ እንደገና ዞራ ሞከረቻቸው።

አባቷ ግንባሯን ስሞ መኪናው ውስጥ ገባ። ልጅቷ ክሪኩን ከኋላ ጫነችለትና የግቢውን በር ከፈተችለት። መኪናው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቀዩ የፍሬን መብራት ረጅም ጊዜ በራ፣ አንድ እጅም በመስኮት ወጥቶ ተወዛወዘ።

እሺ፣ እሺ። አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። መታጠፊያው ላይ አልቆመም። እጅ የሚባልም አልወጣም። ቀዩ መብራት ቦግ አለና ጠፋ፤ ፍሬኑ በደንብ ይሠራ ነበር።