የሳንታ ኦብዱሊያ አስተርጓሚ

አስተርጓሚው ሲልቬስትሬ በደወል ማማው ሥር በፊቱ ተደፍቶ፣ ሞቶ የተገኘው ጎህ ሲቀድ ነው። አስር አለቃ ኡርቢና ወዲያው የሳንታ ኦብዱሊያ ሚሲዮን በር እንዲዘጋ አዘዘ። ከተጠመቀ ወዲህ ያለ ፈቃድ ከቅጥሩ የሚወጣ የአገሬው የቹማሽ ነገድ ሰው ባይኖርም፣ ያን ዕለት ወደ እርሻ እንኳ መውጣት ተከለከለ።

«ገዳይዋ ካሲልዳ ናት» አለ አስር አለቃው። «ትናንት ስትሰድበው ታይታለች። እኩለ ቀን ላይ ትሰቀላለች።»

«እስከዚያ ልጠይቅ» አለ የሕዝቡ ዳኛ፣ ቹማሹ ሽማግሌ ማካሪዮ። የዳኝነቱን ዘንግ የሰጡት ሚሲዮናውያኑ ስለሆኑ ወገኖቹ እምብዛም አያምኑትም ነበር።

መጀመሪያ የማማውን በር ገፋ። ተቆልፏል። ቀና ብሎ የላይኛውን መከታ አየ። ደረት ድረስ ይደርሳል።

የሚሲዮኑ ካህን አባ ቶሪቢዮ የማማውን ቁልፍ መቀነታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

«አባታችን፣ ጠቡን አይተዋል?» አላቸው ማካሪዮ በስፓኒሽ።

«አዎ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ። ‹ባሌን የሸጥክ ውሻ!› አለችው። እሱ ደግሞ እሑድ በሕዝብ ፊት ሁሉን እናገራለሁ አላት።»

«ማን ነገረዎት?»

«በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ልጄ።»

ማካሪዮ እጅ ነሥቶ ወጣ። ካሲልዳ ከጎተራው ምሰሶ ጋር ታስራለች።

«ምነው አባባ ማካሪዮ፣ ዘንጉ ከበደዎት? እርስዎም ሊያሰቅሉኝ ነው?»

«ምላስሽን ለሌላ ቀን አቆዪው። በምን ቋንቋ ነበር የተጣላችሁት?»

«በኛ ነዋ! የነሱን የት አውቄ?»

«ባልሽ ሳይያዝ በፊት ሸሽቶ የተደበቀበትን ዋሻ ለማን ነገርሽ?»

«ለአማቴ ብቻ፣ ልትሞት ስታጣጥር። አባ ቅባት እየቀቧት ነበር፤ እሳቸው እንደሁ ከቋንቋችን አንድ ቃል አይሰሙ።»

«ሲልቬስትሬስ?»

«ንዳድ ይዞት ተኝቶ...» ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ አይደለሁም ሲለኝ ተፋሁበት እኮ!»

እኩለ ቀን ሳይደርስ ማካሪዮ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበና በሁለቱም ቋንቋ እየደጋገመ ተናገረ።

«ደረት ከሚደርስ መከታ ላይ ሰው አንሸራትቶት አይወድቅም፤ ተገፍቷል። በሩም ተቆልፎ ነው ያገኘሁት። የወደቀ ሰው ተመልሶ በር አይቆልፍም። ያለው ቁልፍ አንድ ነው፤ እሱም አባታችን መቀነት ላይ ነው።»

«ሰርቃው ቢሆንስ?» አለ አስር አለቃው።

«ሰርቃ መልሳ ወገባቸው ላይ ሰቀለችው? እሺ፣ ይሁን። ግን አባታችን ጠቡን ቃል በቃል ነገሩኝ፤ ጠቡ ደግሞ በእኛ ቋንቋ ነበር። ሃያ ዓመት ያለ አስተርጓሚ ውሃ እንኳ አልጠየቁንም። ሃያ ዓመት አይሰሙም ብለን በፊታቸው እንዳሻን አወራን። የዋሻው ነገር ሲወራ ሲልቬስትሬ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ አባታችን ግን እዚያው ነበሩ። የካሲልዳን ባል ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ሲልቬስትሬ ይህን ደረሰበት፤ እሑድ ሊነግረን ነበር።»

አባ ቶሪቢዮ ብድግ አሉ።

«ልገድለው አልነበረም» አሉ። «የሰማሁት ነፍሳችሁ እንድትድን ብዬ ነው። ዝም በል አልኩት፤ እምቢ ሲለኝ ገፋሁት።»

የተናገሩት በቹማሽ ነበር፣ እዚያው ተወልዶ እንዳደገ ሰው ጥርት አድርገው። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ።

«ምን አሉ?» ብሎ ጮኸ አስር አለቃው።

«ገፋሁት አሉ።»

አስር አለቃው መሬት መሬቱን አየ። «ካህን የምከስ እኔ ማን ነኝ? ለሜክሲኮ ይጻፋል። መልሱ በዓመቱ ይመጣ ይሆናል። ሴትዮዋን ፍቷት። የዚህን ሽማግሌ ዘንግ ተቀበሉት።»

በማግስቱ ማካሪዮ እግረ ሙቅ ገባ።

ቅዳሜ ወታደሮቹ ሕዝቡን ለኑዛዜ በሰልፍ ነዱት። ካሲልዳ ተንበረከከች።

«ተናገሪ፣ ልጄ» አሏት አባ ቶሪቢዮ በራሷ ቋንቋ።

ምንም ሳትል ተነሣች። ከኋላዋ ያለውም ተንበረከከ፤ እሱም ዝም አለ። ሰልፉ እስከ ተዘጋው በር ድረስ ነበር።