የሠላሳ አንደኛው ዘንግ ዳኛ

ቡርጊ በዘንጎች መካከል እየተጠማዘዙ በሚወርዱበት የበረዶ ሸርተቴ ውድድር፣ በስላሎም፣ ሰባተኛ ወጣች። እስከ አሥረኛ ካልገባች ከብሔራዊ ቡድኑ እንደምትሰናበት ተነግሯት ስለነበር፣ እናቷ በመንደራችን አደባባይ ያገኘችውን ሁሉ ታቅፍ ጀመር። በኦስትሪያዋ ቲሮል ተራሮች ውስጥ እንዲህ መተቃቀፍ የተለመደ አይደለም።

ደስታው ሩብ ሰዓት አልቆየም። የአንዷ ተፎካካሪ አሠልጣኝ፣ «ሠላሳ አንደኛው ዘንግ ላይ የግራ ስኪዋ በውስጥ በኩል አልፏል» ብሎ አቤት አለ። ሁለቱም ስኪዎች፣ እግር ላይ የሚታሰሩት መንሸራተቻዎች፣ ዘንጉን በውጭ ካልዞሩ ውጤት ይሰረዛል። ቪዲዮውን የበረዶ ብናኝ ሸፍኖታል። የቀረው ምስክር የዘንጉ ዳኛ ካስያን ነው።

ካስያን አናጢ ነው። በየክረምቱ በነጻ ዳኛ የሚሆነው ቡርጊን ለማየት እንደሆነ ከእሷ በስተቀር መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ያን ዕለት ጠዋት ዘንጎቹን እያጠናች ስትወርድ አጠገቡ ቆማ፣ «በረዶው እዚህ ጋ እንዴት ነው?» ብትለው «ደህና» ለማለት እንኳ ድምፁ ጠፍቶበት ነበር።

ዳኞቹ ፊት አቆሙት። ቡርጊም ክፍሉ ውስጥ ነበረች።

«ካርድህ ላይ ስህተት አልመዘገብክም» አሉት ሰብሳቢው። «ስኪዋን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እዚያው ሥሩ ቆመህ? ታዲያ የት ነበር የምታየው?»

«ፊቷን።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ካስያን እስከ ጆሮው ቀላ። ቡርጊ ብቻ አልሳቀችም። ጥርጣሬ ካለ ደንቡ ለተወዳዳሪው ስለሚያደላ ሰባተኛነቷ ጸና።

ውጭ ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«በእኔ ምክንያት መሳቂያ ሆንክ።»

«ለምጄዋለሁ።»

«ፊቴ ላይ ምን አየህ?»

«ደነገጥሽ። ዘንጉን እንደሳትሽ አውቀሻል።»

«ለምን አልነገርካቸውም ታዲያ?»

«የጠየቁኝ ስለ ስኪው ነው።»

ቡርጊ ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ ተመልሳ ዳኞቹ ጋ ገባች። ስትወጣ ውጤቷም የቡድኑ ቦታዋም አልነበሩም፤ እናቷ ግን አደባባዩ ላይ ገና አልሰማችም።

«ነገርኳቸው» አለችው። «ስድስት ዓመት የለፋሁበት ነው፤ አንጀቴ ቆስሏል። ግን አንተ እያወቅህ ዓይንህን እንዴት አየዋለሁ?»

«እኔ እኮ ለማንም አልናገርም ነበር።»

«እሱማ የባሰ ነው።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እስቲ አሁን እየኝ። ምን ይታይሃል?»

በጥንቃቄ አያት። «ርቦሻል።»

እያለቀሰች ሳቀች። «ሌላስ?»

ካስያን ጓንቱን አወለቀና እጇን ያዘ።