ሟቹ ከሃክኒ ደወሉ

ሄራን ስልኩን ስታነሳ የደወሉት ሟቹ ራሳቸው ነበሩ።

«ወልደንኪኤል ነኝ፣ ከሃክኒ» አሉ። «አያትሽን አቅርቢልኝ። ስለ መሞቴ ላነጋግረው ነው።»

ሄራን ስልኩን ለአያቷ ለአቶ መርዕድ ሰጥታ መጽሔቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። አቶ መርዕድ ለንደን ለሚኖሩ የቀድሞ ፖስታ ቤት ሠራተኞች በየወሩ ባለ አራት ገጽ ዜና መጽሔት ያዘጋጃሉ። ማን ልጁን ዳረ፣ ማን ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ማንስ ዐረፈ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይወጣል። አባላቱ አርባ ሦስት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ደብዳቤ ሲያደርሱ ኖረው መጽሔቱን በኢሜይል ተቀበሉ ቢባሉ እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። ቴምብሩ ቀጥ ብሎ ተለጥፎ በፖስታ መምጣት አለበት። ኮምፒውተር ላይ የምትጽፈው ሄራን ናት።

ሦስተኛው ገጽ ላይ መውጣት የነበረበት የአቶ ወልደንኪኤል የሰማንያኛ ልደት ዜና ነበር። ከፎቷቸው ሥር የወጣው ግን የሕይወት ታሪካቸው ነው። አባላቱ አንድ ልማድ አላቸው፤ በቀብር ላይ ሌላ ሰው ታሪካቸውን እንዳያበላሽባቸው እያንዳንዳቸው በቁማቸው ራሳቸው ጽፈው አቶ መርዕድ ዘንድ ያስቀምጣሉ። የአቶ ወልደንኪኤል ታሪክ መጨረሻ «በተወለዱ በ……… ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል» ይላል። ነጠብጣቡ እንዳለ ታትሟል።

አቶ ወልደንኪኤል ጆሯቸው ስለማይሰማ በስልክ ይጮኻሉ፤ ሄራን ከማዶ ሆና ሁሉንም ሰማች። ሰውየው አልተቆጡም። ከጠዋት ጀምሮ ዘጠኝ ሰው ጥቁር ለብሶ፣ ምግብ ይዞ መጥቶባቸዋል። ወይዘሮ ጸሃይነሽ በሩን ሟቹ ሲከፍቱላቸው የያዙትን ድስት ሊለቁት ነበር። ስድስት ዓመት አኩርፈዋቸው የቆዩት አቶ ደምመላሽ ሳይቀሩ ከብሪክስተን እያለቀሱ መጡ፤ በሕይወት እንዳሉ ሲያዩ መልሰው ሊያኮርፉ ቃጥቷቸው፣ ወጡን ሲቀምሱ ተውት።

«እኔም አንብቤው አለቀስኩ» አሉ አቶ ወልደንኪኤል። «ለካ ደህና ሰው ነበርኩ።»

አቶ መርዕድ እስኪያስላቸው ሳቁ። ስልኩን ሲዘጉ ግን ሳቁ አብሮ ጠፋ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«የትኛውን ጽሑፍ እንደሰጠሁሽ እንኳ አላስታውስም» አሉ። «በሠላሳ አራት ዓመት ሥራ አንድ ደብዳቤ ያለቦታው ልኬ አላውቅም። በቃ፣ ጭንቅላቴ ደክሟል።»

በቅዳሜው የአባላት ስብሰባ ላይ ሥራውን እንደሚለቁ ነገሯት። የሚተካቸው እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ባለፈው ዓመት ረዳት ሲጠየቅ አባላቱ ሁሉ ቀና ብለው ጣሪያውን ማጥናት ነበር የያዙት። እሳቸው ከለቀቁ መጽሔቱ ይቆማል።

ሄራን የሆነውን ታውቃለች። አያቷ የልደቱን ዜና በእጃቸው ጽፈው ሰጥተዋት ነበር። የዚያን ቀን ጓደኛዋ ሎዛ ፓርቲ ልትወስዳት ሰቨን ሲስተርስ ባቡር ጣቢያ ቆማ «የት ነሽ?» እያለች ትወተውታት ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ የእጅ ጽሑፍ መገልበጥ ታከታትና ኮምፒውተሩ ላይ ስለ አቶ ወልደንኪኤል ቀድሞ የተጻፈውን አግኝታ አስገባችው። ያው ስለ እሳቸው ነው፣ ብላ ነበር። አያቷ እስከ መጨረሻው አንብባው እንደሆነ ሲጠይቋት ደግሞ «ቼክ አድርጌዋለሁ፣ አባባ» አለቻቸው።

ወጥ ቤት ገብታ ለሎዛ ጻፈችላት። መልሱ ወዲያው መጣ። «ቺል በይ። ማንም አልሞተም እኮ። ሽማግሌው ራሳቸው ያጠፋሁት እኔ ነኝ ካሉ አንቺ ምን አገባሽ?»

እውነትም ማንም አልጠረጠራትም።

ስትመለስ አቶ መርዕድ ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ስበውላት ነበር። «ቅዳሜ የሚነበበውን ጻፊልኝ» አሉ። «ለአባላት በሙሉ። ማስታወስ እየተሳነኝ ስለመጣ…»

እስከ «ስለመጣ» ድረስ ጻፈች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«አባባ፣ ይሄ ውሸት ነው።»

«የቱ?»

«የሰጡኝ ትክክለኛውን ነው። የልደቱን። በጣም ሎንግ ስለሆነ ሌላውን አስገባሁት።»

አቶ መርዕድ ወደ እሷ ዞሩ። «አንብቤዋለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«አላነበብኩትም። ለፓርቲ ቸኩዬ ነው።»

የሚቆጡ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ «እና ልደቱን እኔ ሰጥቼሽ ነበር?» ብለው ጠየቁ፤ ደግማ ነገረቻቸው። ሦስተኛም ጠየቁ።

«ደህና» አሉ በመጨረሻ፣ ቁጣና ደስታ ፊታቸው ላይ እየተጋፉ። «ስለ ፓርቲው በኋላ እንነጋገራለን። ለሰዎቹስ ማን ይንገራቸው?»

ሄራን አማርኛዋ ብዙ ሰው ፊት እንደሚሰናከል ታውቃለች። ሽማግሌዎቹ እንደሚስቁባት፣ አቶ ወልደንኪኤልም ከፊት ወንበር ተቀምጠው ጮክ ብለው እንደሚያርሟት ታውቃለች።

የጻፈችውን አጠፋች። «ለአባላት በሙሉ» የሚለውን ብቻ ተወችው፤ ከሥሩም «ሦስተኛውን ገጽ ሳላነብ ያወጣሁት እኔ ሄራን ነኝ» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ ምን እንደሚባል አያቷን አልጠየቀችም።