የጫቱ ዳር መዝሙር

ከመሰላ ከተማ በላይ መንገዱን ናዳ ዘጋውና አምቡላንሱ ቆመ። ከተራራው ማዶ ባለው ጤና ኬላ ዑሙልኸይር የምትባል አራስ ደም እየፈሰሳት ነው፤ ደሙን የሚያቆመው መድኃኒት በበረዶ ሳጥን ታሽጎ በነርሱ በፍፁም ትከሻ ላይ ተንጠልጥሏል። ፍፁም ከጎጃም ተመድቦ ጭሮ ከመጣ ጀምሮ ያልናቀው ነገር የለም። ጭቃውን ናቀ፣ ጫቱን ናቀ፣ ዛሬ ደግሞ ዳገቱን ከፊቱ እየዘመረች የምትወጣውን ሲስተር ኮከቤን ናቀ። ኮከቤ በእግር መንገዱ ዳር ጫት ባየች ቁጥር ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች።

«እዚህ በጫት ዳር ዝም ብሎ የሚያልፍ ሌባ ብቻ ነው» አለችው። «ጠባቂዎቹ ይስሙህ።»

ፍፁም፣ በመንገድ ዳር መዘመር ለፍየል እረኛ ነው ብሎ በሆዱ ሳቀ።

ዝናቡ ወረደባቸው። ጭቃው ኮከቤን አንሸራቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ጣላት። ፍፁም ክንዷን ይዞ ጎትቶ አወጣት፤ ቁርጭምጭሚቷ ግን ወለም ብሏታል። ዛፍ ሥር አስቀምጧት ብቻውን ሽቅብ ወጣ። ብዙም ሳይርቅ ከቁጥቋጦው ውስጥ ከርከሮ ተፈትልኮ መጣበት። ሳጥኑን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ጎን ተወረወረ፤ አውሬው ሱሪውን ቀዶለት አለፈ።

ጉሙ ከወረደ በኋላ ከጫት እርከኖች ደረሰ። የኮከቤ ምክር ትዝ አለው። ለጫት ጠባቂ ደግሞ ማን ይዘምራል? ከንፈሩን ገጥሞ በዝምታ ገባ።

የመጀመሪያው የወንጭፍ ድንጋይ ጆሮውን ስቶት አለፈ፤ ሁለተኛው ትከሻውን አገኘው። «ሃቱ!» የሚል ጩኸት ከጉሙ መጣ፤ ሌባ ማለታቸው እንደሆነ አልጠፋውም። ውሾች ተለቀቁበት። ሳጥኑ ከተሰበረ ሴትየዋ አለቀላት። ኩራቱን ዋጠና ጆሮውን ሲያደክመው የዋለውን የኮከቤን መዝሙር፣ ያውም ግማሹን፣ ይጮኸው ጀመር።

ድንጋዩ ቆመ። ዱላ የያዘ ጠባቂ ከጉሙ ብቅ አለ።

«የሲስተር ኮከቤ መዝሙር ነው» አለ። «ማነው እንዲህ የሚገድለው?»

ፍፁም ስለ አራሷና ስለ ኮከቤ እያለከለከ ነገረው። ሰውየው አብዱልቃዲር ይባላል። ውሾቹን ጠራ፣ ኮከቤን ተሸክመው እንዲያወርዱ ጓደኞቹን ላከ፣ ሳጥኑን ነጥቆ ቁልቁለቱን ከፊት ከፊት ሮጠ። ጤና ኬላው ሲደርሱ ዑሙልኸይር ዓይኗን መግለጥ አቅቷት ነበር። ፍፁም መድኃኒቱን ወጋት፤ ደሙም ቆመ። ያን ጊዜ ወደ ደጅ ወጥቶ አለቀሰ። በኩራቱ አንዲት እናት ሊቀብር ነበር፤ በሕይወቱ ማንንም ያን ቀን ራሱን የናቀውን ያህል ንቆ አያውቅም።

በማግስቱ ሲመለስ፣ ጫቱ ገና ሳይታይ መዝሙሩን ለቀቀው። ወፎቹ ከዛፉ ተነሡ። ከእርከኑ ላይ የአብዱልቃዲር ድምፅ መጣ።

«ሰምተንሃል ወንድሜ፣ እለፍ። ይበቃናል።»

ፍፁም ግን ጫቱ እስኪያልቅ አላቆመም።