መሃሉ የሸሸ ቢላዋ

ቢላዋው ተበላሽቷል። ከእጀታው ጀምሮ ደህና መጥቶ ጫፉ ላይ ሦስት ጣት ያህል ስለት የለውም፤ ቢስሉትም አያወጣም።

የትናየት ይህን ያወቀችው በሎሚ ነው። ግማሽ ሎሚ ስለቱ ላይ አሸችና ጥቂት ጠበቀች። በሁለቱም ወገን ያለበሱት የማይዝግ ብረት፣ የሆቴል ወጥ ቤት ጠረጴዛ ስባሪ፣ እንደነጣ ቀረ። መሃል የገባው ጠንካራ ብረት፣ የመኪና ባሌስትራ፣ ግን ጠቆረ። ስለት የሚይዘው ይህ ጥቁሩ ብቻ ነው፤ ውጪው ከዝገት ይጠብቀዋል እንጂ አይቆርጥም። ጠዋት የአጎቷ ልጅ ማንያዘዋል ሲያሳያት ጥቁሩ መስመር እስከ ጫፍ ይደርስ ነበር። አሁን በጨርቅ ስትወለውለው ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር ተነሥቶ ጨርቁ ላይ ቀረ። አሸተተችው።

«ማንያዘዋል» አለች ቀና ሳትል። «የሰሌዳ ማርከር ከክፍል ይዘህ ወጥተሃል?»

የአጎቷ ልጅ እሳቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። «የምን ማርከር?»

«እጅህ ላይ ያለው። ብረቱንስ ገላብጠኸዋል?»

«በየምቱ ገላብጬዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ስልክህን አምጣ።»

ትናንት እሷ ሞዴል ፈተና ላይ ሳለች የቀጠቀጠው እሱ ነው። ለቲክቶክ ብሎ ስልኩን ግድግዳው ሥር አቁሞ ሁሉንም ቀርጾታል። ቪዲዮው ያምራል፤ ፍንጣሪው ይረጫል፣ ክንዱ ይታያል። የብየዳ ጠባሳ ያለበት የብረቱ ፊት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ ላይ እንዳየ ነው። መዶሻ የሚያርፍበት ወገን ይሳሳል፤ ከሥር በቀዝቃዛው መቀጥቀጫ ብረት፣ በመስፉ ላይ የተኛው ወፍራም እንደሆነ ይቀራል፤ መሃል የነበረው ባሌስትራም ወደ ጎን ይሸሻል። አባቷ ደርቤ ይህን ሲያስተምር ሁለቱም አጠገቡ ነበሩ።

«ሲገለበጥ ቪዲዮው ላይ ያስጠላል» አለ ማንያዘዋል። «ሼም ነው፣ አውቃለሁ። ደግሞ ለዚህ ቢላዋ ሙትት ስትይ አየሁና...»

«ቀባህልኝ።»

«ቀባሁልሽ።»

ሙትት ማለቷስ እውነት ነው። አባቷ ዳባት ለተዝካር ከመሄዱ በፊት ለእሷ ምልክት እንዲሆን አንዲት ኮከብ በማተሚያ ብረት ጫፍ ላይ ቀርጾላት ነበር። «ይሄ ቢላዋ ኮከብሽ ተመትቶበት ተራራው ላይ ሳንቃ በር ካምፕ ከወጣና ፀጋው ከወደደው፣ ሁለተኛው መስፍ ያንቺ ነው» ብሏታል።

ውጭ መኪና ጡሩምባ ነፋ። የቱሪስቶቹ ምግብ አብሳይ ጋሼ ፀጋው በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ።

«የታለ ልጄ? ፈረንጆቹ መኪና ላይ ናቸው።» ቢላዋውን አነሡና በብርሃን አገላብጠው አዩት። «ወይ ጉድ፣ ይሄማ ለሙሽራ ነው።»

«አይሆንዎትም» አለች የትናየት። «ጫፉ አይቆርጥም። መሃሉ ሸሽቷል።»

«ታዲያ ጫፉን እተወዋለሁ። ሽንኩርት ምን ያውቃል?»

«እርስዎ ያውቃሉ። ሥጋ ሲዘለዝሉ ደግሞ ይረግሙኛል።»

«ከባዶ እጅ ይሻላል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሚያሳፍርሽ ምልክቱ ከሆነ ሳትመቺበት ስጪኝ። ማን ሠራው ያለኝን ከገበያ ነው እለዋለሁ።»

ቀላል ነበር። ቢላዋው ያለ ስም ይወጣል፤ አባቷ ሲመለስ «ወሰዱት» ትለዋለች፤ ውሸትም አይሆንም። ማንያዘዋል ከጋሼ ፀጋው ጀርባ ሆኖ «እሺ በይ» እያለ በዐይኑ ይጠቅሳታል።

የትናየት ቢላዋውን ከእጃቸው ተቀብላ መስፉ ላይ አስተኛችው። ኮከቧ ያለችበትን ማተሚያ ከመደርደሪያ አወረደች፣ እጀታው ሥር አቆመችና በመዶሻ አንዴ መታች።

«አሁን የእኔ ነው» አለች። «ከዚህ አይወጣም። አባዬ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሆናል።»

ጋሼ ፀጋው ኮከቡን አዩ፤ እሷን አዩ። «እንዳባትሽ ግትር ነሽ።»

«እሱስ አንቺ ትብሻለሽ ይለኛል።» የአባቷን አሮጌ ቢላዋ ከምስማሩ አውርዳ አቀበለቻቸው። «እስከዚያ በዚህ ይክተፉ። ይዝጋል፤ በተጠቀሙበት ቁጥር ይጥረጉት። ሲመለሱ አዲሱን ይወስዳሉ።»

«አዲሱ የት ነው?»

«አልተጀመረም።»

ሳይፈልጉ ሳቁ፤ ጡሩምባው ደግሞ ሲነፋ አሮጌውን ቢላዋ በጋዜጣ ጠቅልለው ሄዱ።

«በቃ፣ መስፉ ቀረብሽ» አለ ማንያዘዋል።

«ከቀረ ይቅር። አንተ ስልክህን አጥፋና እሳቱን አንድድ። ዛሬ እኔ እቀጠቅጣለሁ፣ አንተ ትገለብጣለህ።»

«ወዴት ነሽ?»

«ጋራዥ። ባሌስትራ ልለምን።»

የተበላሸውን ቢላዋ በሩ ፊት ለፊት ባዶው ምስማር ላይ ሰቀለችው፣ ኮከቡን ወደ ሰው አድርጋ። ሻርፗን አጥብቃ ወጣች፤ የደባርቅ ንፋስ እሳቱን እንዳይበትንበት የቆርቆሮውን በር ከኋላዋ ዘጋችው።